ከዘነቡ በር የሚሰቀለው ባዘቶ

ከትልቁ ሸለቆ አፋፍ ላይ፣ ነጭ አምባ ከሚባለው መንደር ወደ ምሥራቅ ጥቂት ራመድ ሲባል፣ አንድ ያረጀ ሾላ ይገኛል። ከሾላው በላይ ዳገቱን ይዞ መቶ እርምጃ ያህል የወጣ ሰው፣ ከኖራ ድንጋዩ ሥር፣ ጎንበስ ብሎ ካልሆነ የማያስገባ የዋሻ አፍ ያያል። አገሬው «የዘነቡ በር» ይለዋል። በር ይባል እንጂ መዝጊያ የለውም፤ ከላይኛው የድንጋይ ከንፈር ላይ ግን በቀጭን ፈትል የታሰሩ ብዙ ቁንጥር ባዘቶዎች ተንጠልጥለዋል። አንዳንዱ ገና አሁን ከደጋን የወረደ ይመስል ነጭ ነው፤ አንዳንዱን ዝናብና አቧራ ስላጠቆረው ጥጥ መሆኑን የሚያውቀው የሰቀለው ሰው ብቻ ነው። ውጭ ቅጠል በማይነቃነቅበት ቀን እንኳ እነዚህ ባዘቶዎች ሲወዛወዙ ይታያሉ፤ ማለዳ ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ፣ ቀትር ላይ ወደ ውጭ ይገፋሉ።

እያንዳንዱ ባዘቶ የአንድ ሰው ነው። በነጭ አምባ ሰው ሲያርፍ ወዲያው አይጮኽም። ከቤተ ዘመዱ አንዲት ትልቅ ሴት ቁንጥር ባዘቶ አምጥታ ከተኛው ሰው አፍንጫ ፊት ትይዛለች፣ ሌሎቹ ነጠላና ጋቢያቸውን ዘርግተው ነፋስ ይከልላሉ፣ አቡነ ዘበሰማያት ሦስት ጊዜ እስኪደገም ድረስም ሁሉም ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። ባዘቶው ካልተነቃነቀ ሴትዮዋ «አሁን አልቅሱ» ትላለች፤ ለቅሶው የሚጀመረው ያን ጊዜ ነው። ከቀብር መልስ ያው ባዘቶ ዳገቱን ወጥቶ ከዘነቡ በር ላይ ይሰቀላል። ከሌላ አገር ለለቅሶ የመጣ እንግዳ ነገሩ ግራ ይገባዋል፤ አንዳንዱም ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ይይዛል። አገሬው ግን አይቀየመውም፤ ንፍሮውን አቅርቦ፣ አጠገቡ አስቀምጦ፣ የሚከተለውን ይነግረዋል።

እንደሚነገረው፣ በዚያ ዘመን ዳገቱ ላይ ከእሾህና ከነጭ ድንጋይ በቀር ምንም አልነበረም። መንደሩ ውስጥ አንዳርጌ የሚባል ገበሬ ነበር። ሰውዬው ሥራ የሚወድ፣ ለሰው የማይከብድ ነበር፤ አንድ ክፉ ዐመል ብቻ ነበረችው፤ አንድ ነገር «ለምን?» ካሰኘው እንቅልፍ አይወስደውም። ሚስቱ ዘነቡ ፈታይ ነበረች። ፈትሏ ከመቅጠኑ የተነሣ ለቤተ ክርስቲያኑ ጧፍ የሚሆነውን ክር የምትፈትለው እሷ ብቻ ነበረች ይባላል፤ መንገድ ስትሄድ እንኳ እንዝርቷ ከእጇ፣ ባዘቶዋ ከብብቷ አይለይም ነበር።

አንድ የየካቲት ቀን አንዳርጌ የጠፋችበትን ጊደር ፍለጋ ዳገቱን ሲወጣ ደከመውና ከአንድ ድንጋይ ሥር አረፍ አለ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። እሱ ግን ተረከዙን በረደው። እግሩን ቢያነሣ ተወው፤ መልሶ ቢያሳርፍ በረደው። ጎንበስ ብሎ ቢያይ፣ ጣት እንኳ የማታስገባ ስንጥቅ ናት፤ ከእሷ ውስጥ ቀዝቃዛ፣ እርጥብ አፈር አፈር የሚል ትንፋሽ ይወጣል። ጊደሯን ረስቶ ወደ ቤቱ ሮጠ።

«ድንጋዩ ተነፈሰብኝ!» አላት ዘነቡን።

«ፀሐይ መትቶህ ነው፤ ግባና ውሃ ጠጣ» አለችው እየሳቀች። «ጊደሯስ?»

ጊደሯ በራሷ ጊዜ መጣች። አንዳርጌ ግን ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ፤ ዘነቡም እሱ እንዲህ እስከሆነ ድረስ እንቅልፍ እንደማታገኝ ስላወቀች በማግስቱ በማለዳ ተከትላው ወጣች። ስንጥቋ ዘንድ ስትደርስ እጇን ብታስጠጋ ምንም ነፋስ አልተሰማትም፤ ልትስቅበት አፏን ከፍታ ሳለ ግን ከብብቷ ቁንጥር ባዘቶ አውጥታ ብታስጠጋው፣ ባዘቶው ከጣቷ ሸርተት ብሎ ወደ ስንጥቋ ተሳበና ድንጋዩ ላይ ተለጠፈ። ነቅላ ብትሞክረው ዳግመኛ ተሳበ። እስከ ቀትር እዚያው ተቀምጠው ጠበቁ፤ ፀሐይ ስትበረታ ባዘቶው ተላቀቀና ይገፋ ጀመር።

«አንዳርጌ፣ ውስጡ ባዶ ነው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ቦታ ባይኖረው ይህን ሁሉ ትንፋሽ የት ያኖረዋል?»

ቁፋሮው የተጀመረው እንዲህ ነው ይባላል። ሁለቱ ብቻ አልነበሩም፤ የዘነቡ ታናሽ ወንድም ሽብሩም ነበረበት። ሽብሩ ምላሱ ከእጁ የፈጠነ፣ ለሥራ ሲጠራ ወገቡን የሚያመው፣ ለወሬ ሲጠራ ግን ከሁሉ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው። መጀመሪያ የመጣው ሊስቅባቸው ነበር፤ ትንፋሹ ፊቱን ሲነካው ግን ዝም አለ፤ ሽብሩ ዝም ያለበት ቀን እስከ ዛሬ ይወራል። ቀሪው መንደር ግን ዝም አላለም። ገሚሱ «ወርቅ አግኝተው ነው» አለ፤ ገሚሱ «የጋኔን ቤት እየከፈቱብን ነው» አለ፤ የቀረው ደግሞ ሥራ የፈቱ ናቸው ብሎ ተዋቸው። ሽብሩ ራሱ አንድ ቀን ዶማውን ተደግፎ፣

«ሰው ለእህል ይቆፍራል፣ ለሬሳ ይቆፍራል፤ እኛ ለምንድን ነው የምንቆፍረው?» ብሎ ቢጠይቅ፣

«ምን እንዳለ ለማየት ነዋ» አለው አንዳርጌ። ሌላ ምክንያት አልሰጠውም፤ አልነበረውምም።

የሥራ ድርሻቸው የታወቀ ነበር። አንዳርጌ ከስንጥቋ ጎን በደረቱ እየተሳበ ከፊት ይቆፍራል፤ ድንጋይ ሲያስቸግረው በድጅኖ ይፈነቅላል። ሽብሩ አፈሩን በቁርበት ላይ ጭኖ በገመድ ወደ ውጭ ይጎትታል። ዘነቡ በቅርጫት ተሸክማ ትደፋለች። አንዳርጌ ገና ከመጀመሪያው ቀን «አፈሩ ከሾላው ወዲያ ይደፋ፤ ከዚያ ወዲህ እንዳይቀር» ብሎ ነበር፤ የመጀመሪያውን ሳምንትም እንዳለው አደረጉ። ነገር ግን ሾላው መቶ እርምጃ ነው፤ ባዶ ቅርጫት ይዞ ዳገቱን መመለሱ ደግሞ ከመውረዱ ይብሳል። ዘነቡም ለፋሲካ የሚሆን የጧፍ ክር ለማድረስ ቃል ገብታ ነበርና ጊዜ አጠራት። ከቀዳዳው በላይ ሜዳ የምትመስል ትንሽ ቦታ ነበረች። አንድ ቀን «ለዛሬ ብቻ» ብላ እዚያ ደፋች። ሽብሩ ደስ አለው። «ለዛሬ ብቻ» ግን ሦስት ሳምንት ቆየ፤ አፈሩም ከቀዳዳው አናት ላይ የሰው ቁመት ያህል ተከመረ። አንዳርጌ ማለዳ ሲገባ እጁ ቀድሞት ይገባል፣ ማታ ሲወጣ ዐይኑን ጭቃ ሞልቶት ይወጣል፤ ቀና ብሎ አላየም።

በመጋቢት፣ በአንድ ረቡዕ፣ አንዳርጌ ከውስጥ ጮኸ። ዘነቡ ድምፁን ስትሰማ ደነገጠች፤ እስከ ትናንት ከውስጥ ሲናገር ትራስ አፉ ላይ የተደረገበት ያህል የሚታፈነው ሰው፣ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደቆመ ቃሉ ይስተጋባል።

«ቦታ አለ! ቁሜያለሁ! ዘነቡ፣ ቁሜያለሁ እኮ!»

ቁራጭ ጧፍ ይዞ ነበር። «ጥቂት አይቼ ልመለስ» ሲል ሰሙት። በዚያው ቅጽበት ሰማዩ ተቀደደ። የበልግ ዝናብ ነው ቢባልም እንዲህ ያለ በልግ ከዚያ ወዲህ አልታየም ይላሉ፤ በረዶ የቀላቀለ፣ ዳገቱን በአንድ ጊዜ ነጭ ያለበሰ ዝናብ ነበር። ክምሩ መጀመሪያ ላበው፣ ቀጥሎ ተንሸራተተ። ሽብሩ ከቀዳዳው አፍ ተወርውሮ ሲወጣ አንድ እግር ጫማው ውስጥ ቀረ። ዘነቡ በሦስት ሳምንት በቅርጫት በቅርጫት የደፋችው አፈር ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ወደ መጣበት ሲመለስ ቆማ አየች።

በእጇ ቧጠጠች። ሽብሩ ቆፈረ፤ ወገቤን ሳይል ቆፈረ። ጎረቤት ተጠራርቶ መጣ። ጭቃው ግን አንድ ቅርጫት ሲወጣለት ሁለት ይሞላል። ረቡዕ እንዲህ መሸ፤ ሐሙስም እንዲህ መሸ። ዓርብ ጠዋት የመንደሩ ሽማግሎች ዳገቱን ወጡ፤ ከኋላቸው ለቅሶ ደራሹ፣ ከፊታቸው መጽሐፋቸውን የያዙት መምሬ ላቀው። መምሬ ላቀው የዘነቡ የንስሐ አባት፣ ዐይናቸው የደከመ ደግ ሽማግሌ ነበሩ። አንዳርጌ እንደሞተ ተቆጥሮ፣ ባለበት ፍትሐቱ ተፈትቶ፣ ዋሻው መቃብሩ እንዲሆን ተመክሮ ነበር። ፍትሐት ከተፈታ በኋላ ደግሞ የሚቆፍር የለም፤ መቃብር ማን ይነካል? ሴቶቹ ጧፍ በእቅፋቸው ይዘው መጥተዋል። ክሩን ዘነቡ ነበረች የፈተለችው።

«ልጄ፣ ሦስት ቀን ሆነው እኮ» አሏት መምሬ ላቀው፣ ከጭቃው ላይ ሊያነሷት እጃቸውን ዘርግተው። «በቃሽ። ለነፍሱ እንድረስለት።»

ዘነቡ ተነሣች። ፊቷ፣ ጸጉሯ፣ ነጠላዋ ሁሉ ጭቃ ነው። በሰው ሁሉ ፊት «አፈሩን እዚያ ላይ የደፋሁት እኔ ነኝ» አለች። «ከሾላው ወዲያ አድርጉ ብሎ ነበር። ሾላው ራቀኝ።»

ሽብሩ ዶማውን እንደያዘ «እኔም ደስ ብሎኝ ነበር» አለ።

«ፍቱት ካላችሁ እኔ ምን አቅም አለኝ» አለች ዘነቡ። «አንድ ነገር ግን ልይ።»

ከጭቃው ጎን ያቺ የመጀመሪያዋ ስንጥቅ አልተደፈነችም ነበር። ዘነቡ እዚያ ተንበረከከችና ከብብቷ ባዘቶ ፈለገች፤ የራሷ በጭቃ ርሶ ስለነበር ከለቅሶ ደራሾቹ አንዷ ደረቅ ሰጠቻት። ባዘቶውን ብታስጠጋው ወዲያ ወዲህ ተወራጨ።

«ልጄ፣ የውጭ ነፋስ ነው» አሉ መምሬ ላቀው በሐዘን። እውነትም ከሸለቆው ነፋስ ይነሣ ነበር።

«እንግዲያው ነፋሱን ከልሉልኝ!»

እንደሚባለው፣ በመጀመሪያ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ አንዲት ሴት ነጠላዋን አውልቃ ዘረጋች። ቀጥላ ሌላዋ። ወንዶቹም ጋቢያቸውን ያዙ። ሊያለቅስ የመጣው ሰው ሁሉ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ በአንዲት ሴትና በአንዲት ስንጥቅ ዙሪያ የጨርቅ ቤት ሠራ። ውስጡ ጸጥ አለ። መምሬ ላቀው ሌላ የሚያደርጉት ቢጠፋቸው አቡነ ዘበሰማያት ይደግሙ ጀመር። አንድ ጊዜ ደገሙ፤ ባዘቶው ቀጥ ብሎ ተንጠለጠለ። ሁለተኛ ደገሙ፤ ምንም የለም፤ የዘነቡ እጅ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ሦስተኛውን ሊጨርሱ ሲሉ የባዘቶው ጫፍ ጎንበስ አለ። ቀስ ብሎ፣ ማንም እንዳልነካው እየታየ፣ ወደ ድንጋዩ ሄደና ተለጠፈ።

ከሰው መካከል አንድ ሰው በረጅሙ ተነፈሰ።

«የተነፈሰው ተራራው ነው ወይስ አንዳርጌ?» አሉ መምሬ ላቀው፤ ድምፃቸው ተለውጦ ነበር።

«ተራራው ከተነፈሰ ለእሱም ይደርሰዋል፣ አባቴ።»

ሽማግሌው መጽሐፉን ከደኑ ይባላል። «ፍትሐቱ ይቆይ» አሉ። «ለለቅሶ የመጣ ሁሉ ቅርጫት ይፈልግ!»

ከዚያ ወዲያ የሆነውን የነጭ አምባ ሰው ሲያወራው ድምፁ ከፍ ይላል። ከዋሻው አፍ እስከ ሾላው ሰው ተሰልፎ ቅርጫት ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ጀመር፤ የለቅሶው እንቅብ፣ የቡኮው ገበቴ፣ አንዱም አልቀረ። ዘነቡ ሾላው ሥር ቆመች። «ከዚህ ወዲህ አንዲት ጭብጥ እንዳትፈስ!» እያለች ትጮሃለች። አንድ የተከበሩ ባላምባራስ ደከማቸውና ከሾላው አሥር እርምጃ ያህል ወዲህ ደፉ፤ ሄዳ ከፊታቸው ቆመች፤ በእጃቸው አፍሰው፣ አሥሩን እርምጃ ተራምደው እስኪደፉ ድረስ ከፊታቸው ዞር አላለችም። ባላምባራስ አልተቆጡም፤ እንዲያውም እስኪሞቱ ድረስ ይህን እያወሩ ይስቁ ነበር ይባላል። ያ የአፈር ጉብታ ዛሬም ከሾላው ወዲያ አለ፤ ሣር በቅሎበታል።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል የሽብሩ ድጅኖ ባዶ መታ። ከውስጥ ነፋስ ተገፍቶ ወጣና ችቦውን አጠፋበት።

«አንዳርጌ!» አለ ሽብሩ። ምንም የለም። «አንዳርጌ ሆይ!»

«ቀስ በል፣ ሽብሩ!» አለ ከውስጥ አንድ የሰለለ ድምፅ። «ድንጋይ እንዳትጥልብኝ። ቅሌ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው።»

እልልታው ከሸለቆው ማዶ ተሰማ ይባላል። ዘነቡ ግን እልል አላለችም፤ ጊዜ አልነበራትም። ለፍትሐቱ ከመጡት ጧፎች አንዱን አብርታ በደረቷ ተሳበች። ጭቃው አለቀ፣ ጠባቡ ድንጋይ ትከሻዋን ላጠው፣ ከዚያም በድንገት በላይዋም በጎኖቿም ምንም ነገር የለም። ቆመች። ጧፉን ከፍ አደረገች።

ያየችውን በኋላ ዘመን ስትጠየቅ በአንድ ትንፋሽ መጨረስ አትችልም ነበር ይባላል። ጣሪያው ነጭ ነው። ከጣሪያው ነጭ ድንጋይ፣ እሷ ባዘቶ ሳብ አድርጋ ስታቀጥነው እንደሚሆነው ቀጥኖ፣ ቁጥር በሌለው ፈትል ወርዷል፤ ከእያንዳንዱ ፈትል ጫፍ አንዲት የውሃ ጠብታ ተንጠልጥላለች፤ በእያንዳንዷ ጠብታ ውስጥ የእሷ ጧፍ ይነዳል። ከመሬት የተነሡ ዐምዶች አሉ፤ አንዳንዶቹ ከላይ ከሚወርደው ጋር ተገናኝተዋል፣ አንዳንዶቹ ለመገናኘት ጣት የምታህል ቀርቷቸዋል። መሬቱ ላይ ውሃ አለ፤ ከመጥራቱ የተነሣ እግሯን እስክትነክር ድረስ ውሃ መሆኑን አላወቀችም። ከኋላዋ ሰዎች አንድ በአንድ እየተሳቡ ገቡ፤ በያዙት ጧፍ ቁጥር ቦታው ይሰፋል፤ ለአንድ ሬሳ የመጣው ብርሃን ሁሉ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ይዘላል። ወንዶቹ ራሳቸውን ገለጡ። መምሬ ላቀው ጫማቸውን አወለቁ፤ የሚሆነውን ጸሎት ፈልገው አጡ፤ በመጨረሻ «ይህን ሁሉ ማንም ሳያየው ስንት ዘመን ኖረ?» ብቻ አሉ፤ እንባቸውም ወረደ።

አንዳርጌ ከአንድ ዐምድ ሥር ተቀምጦ ነበር። ቁራጭ ጧፉ የጠፋችበት ክምሩ ሲወርድ በተነሣው ነፋስ ነው፤ ጎኑንም ሆነ ጣሪያውን ሳያይ። ከዚያ ወዲያ ጨለማውን በእጁ ዳብሶ፣ ቅሉን ከአንድ ጠብታ ሥር አስቀምጦ፣ ኪሱ የነበረችውን ቆሎ ፍሬ በፍሬ እየቆረጠመ ቆየ። ብርሃኑ ሲመጣ ዐይኑን በእጁ ጋርዶ ነበር። ዘነቡ አጠገቡ ስትንበረከክ እጁን ከዐይኑ አወረደ። እሷን አየ፤ ከዚያ ከእሷ በላይ አየ፤ ቀስ እያለ ዙሪያውን ሁሉ ተመለከተ።

«ዘነቡ» አላት፣ «እዚህ ነው የነበርኩት?»

ያን ጊዜ ነው ዘነቡ ያለቀሰችው። እያለቀሰችም ጥፋቷን ነገረችው፤ ክምሩን፣ «ለዛሬ ብቻ»ን፣ ሁሉንም።

«ሾላው ራቀሽ?» አላት።

«ራቀኝ።»

«እኔም ቅርጫቱን ብይዝ እዚያው ነበር የምደፋው» አለ አንዳርጌ፤ ትከሻዋንም ይዞ ተነሣ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን አብረው ኖሩ። ዋሻው በእሱ ስም እንዲጠራ ሰዎች ቢፈልጉ «እኔ ውስጡ ተቀምጬ ያላየሁትን እሷ ከውጭ ሆና አወቀችው» ብሎ እምቢ አለ ይባላል፤ «የዘነቡ በር» የሚለው ስም ከዚያ ቀረ።

ዘነቡ አርጅታ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በእንቅልፏ አረፈች። ሴቶቹ ሊጮኹ ሲነሡ አንዳርጌ፣ ጀርባው የጎበጠ ሽማግሌ፣ እጁን አነሣ። «ቆዩ» አለ። ከሙዳይዋ ውስጥ ራሷ ያዘጋጀችውን ባዘቶ ቆንጥሮ አወጣና ከአፍንጫዋ ፊት ያዘው። «ነፋሱን ከልሉልኝ» አለ። ነገሩን የሚያውቁት ነጠላቸውን ዘረጉ፤ የማያውቁትም እነሱን አይተው ዘረጉ። አቡነ ዘበሰማያት አንድ ጊዜ ተደገመ፤ ሁለት ጊዜ ተደገመ። ሦስተኛው አልቆ እንኳ ሽማግሌው እጁን አላወረደም፤ ማንም ደፍሮ አልነካውም። ብዙ ከቆየ በኋላ ባዘቶውን መዳፉ ውስጥ ጨበጠ።

«አሁን አልቅሱ» አለ።

ከቀብር መልስ፣ ሰው ወደ ድንኳኑ ሲገባ፣ እሱ ዳገቱን ብቻውን ወጣ። እንደሚነገረው ሾላው ዘንድ ሁለት ጊዜ አረፈ። ከዋሻው አፍ ደርሶ ያንኑ ባዘቶ በእሷ ፈትል አሰረና ከላይኛው ድንጋይ ላይ ሰቀለው። ነፋስ አልነበረም፤ የሾላው ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም ነበር። ከዘነቡ አፍንጫ ፊት አልነቃነቅ ያለው ባዘቶ ቀስ ብሎ ወደ እሱ ተገፋ፣ ጉንጩንም ነካው።

የነጭ አምባ ሰው የሞተበትን ዘመድ ባዘቶ ይዞ ያን ዳገት የሚወጣው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ሰቅሎ ወዲያው አይመለስም። እስኪነቃነቅ ድረስ አጠገቡ ይቆማል።